አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ

ልጅ እያለሁ የአባቴን መምጣት የሚነግረኝ የመኪናው መብራት ነበር። (እማዬ ይህን ስታነብ «አሁንስ ምን ሆነሽ ነው ልጅ እያለሁ የምትዪው?» ማለቷ አይቀርም። ግን አስራ ስድስት ዓመት የሆነው ሰው ወደ ስምንት ዓመቱ ዞር ብሎ ሲያይ ሩቅ ነው፤ በጣም ሩቅ።) ቤታችን ባምባሲ፣ ከአሶሳ በኩል በሚገባው መንገድ ዳር፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከበራችን ፊት ለፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ ለተቀመጠ ሰው መንገዱ በሙሉ ይታየዋል፤ ከቀርከሃው ውስጥ ብቅ ሲል፣ ትልቁን ኩርባ ሲዞር፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ እኛ ሲወርድ። ቀን ቀን የምናየው አቧራውን ነው። ሲመሻሽ ግን መኪናዎቹ ይጠፉና መብራታቸው ብቻ ይቀራል። ከሰማይ ወርደው በእግራቸው የሚሄዱ ከዋክብት ይመስሉኝ ነበር።

እኔና ጎረቤታችን ሀጂራ በዚያ ድንጋይ ላይ አንድ ጨዋታ ነበረን። «የማን ነው?» እንለዋለን። ከኩርባው መብራት ብቅ ሲል፣ መኪናው ራሱ ሳይታይ፣ የማን እንደሆነ ቀድማ የተናገረች ታሸንፋለች። ያሸነፈች የሌላዋን ማንጎ ትወስዳለች። በማንጎ ወራት ማንጎ ማንም ግቢ ውስጥ ወድቆ ስለሚበሰብስ ሽልማቱ ምንም አልነበረም፤ ግን የሀጂራን ማንጎ ሀጂራ እያየችኝ መምጠጥ ሌላ ጣዕም ነበረው። ለየመኪናው ስም አውጥተንለት ነበር። መብራቱን መሬት መሬት እያየ የሚመጣው የእህል ጭነት አይሱዙ «ኩርፍተኛው» ነው። በመስታወቱ ዙሪያ ቀይና አረንጓዴ አምፖል የደረደረችው ሚኒባስ «ሙሽሪት» ናት። አንድ ባጃጅ ነበረች፣ መብራቷ ጉድጓድ በገባች ቁጥር የምትጠፋ፤ እሷን «እንቅልፋም» እንላት ነበር።

የአባቴ ደግሞ «እንቁላል» ነበር። አባቴ እንድሪስ የውኃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ሰዎች አሮጌ ፒካፕ ይነዳል። ሳምንቱን ሙሉ ሠራተኞችና ቱቦ ጭኖ በአሶሳ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሲዞር ይከርምና ዓርብ ሲመሽ ይመጣል። የመኪናው አንደኛው የፊት አምፖል ተቃጥሎ ከሌላ መኪና በተወሰደ ቢጫ አምፖል ተተክቶ ነበር፤ ሌላኛው ነጭ ነው። አንዱ አስኳሉ፣ አንዱ ነጩ። ስሙን ያወጣችው ሀጂራ ናት፤ ልታናድደኝ ብላ ነበር፣ እኔ ግን ወደድኩት። በዚያ መንገድ ላይ እንደዚያ ያለ ሌላ መኪና አልነበረም። ከኩርባው ብቅ ሲል፣ ሀጂራ አፏን ሳትከፍት፣ «እንቁላል!» ብዬ እጮህና ወደ ቤት እሮጣለሁ። እማዬ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ቀና ትልና «ሀያት፣ እርግጠኛ ነሽ?» ትለኛለች። እርግጠኛ ነኝ። ያኔ እስክሪብቶዋን ከድና ተነስታ ለአባዬ የመታጠቢያ ውኃ ትጥዳለች። መኪናው በራችን ላይ ሲቆም ውኃው ለብ ብሎ ይጠብቀዋል። እኔ ባልኩት ውኃ ይጣዳል! በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ሥልጣን ያለ አይመስለኝም ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የመጀመሪያው ዝናብ የመሬቱን ሽታ ሲቀሰቅሰውና የወደቀው ማንጎ በየግቢው እንደ ጠጅ መሽተት ሲጀምር፣ አባዬ አንድ ዓርብ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ሲፈታው ሁለት ክብ፣ ትልልቅ መብራቶች ናቸው። ፓውዛ። ከአገልግሎት ከወጣ አሮጌ ጭነት መኪና ላይ የተፈቱ ናቸው። መስታወታቸው ውስጥ ፊቴን አየሁት፤ አፍንጫዬ እንደ ማንጎ ተነፍቶ።

«ምን ይሆናል ይሄ?» አለችው እማዬ።

«ፊት ላይ ይታሰራል። አሁን ያለው መብራት እኮ አፍንጫዬ ስር ነው የሚያበራልኝ። ቀርከሃው ውስጥ ሲዘንብ ሰው ይሁን ላም ይሁን የማየው አጠገቤ ሲደርስ ነው። ባለፈው አንዲት እናት እንጨት ተሸክማ...» ብሎ ተወው። እማዬም እንዲጨርስ አልጠየቀችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ፣ ማንጎው ጥላ ስር፣ ራሱ ሊሠራው ኮፈኑን ከፈተ። ያን ቀን እወደዋለሁ። የሞቀ ዘይት ሽታ፣ እርጥብ ሣር፣ ከላያችን የወፎች ጫጫታ፤ እኔ ፕላስተሩን ይዤ አጠገቡ ቆሜ «ቁረጪ» ሲለኝ በጥርሴ እቆርጣለሁ። መብራቶቹን ከፊት ባለው መከላከያ ብረት፣ ፓራውልቱ ላይ በብሎን አሰራቸው። ከዚያ ቤታችን መብራት ሲገባለት ተርፎ ጣሪያ ስር የተጠቀለለውን ቀጭን ሽቦ አወረደው። የፊት መብራቱን ሽቦ ላጠና የአዲሶቹን ሽቦ እላዩ ላይ ጠመዘዘ። በቃ፤ የፊት መብራት ሲበራ እነሱም አብረው ይበራሉ።

«አባዬ፣ አሁን አራት ሆነ ማለት ነው?»

«አራት! እንዲያውም አንበሳ በይው።»

አንበሳ ማለት አልፈለግኩም። ግን እሱ እጁን እየጠረገ እንደዚያ ሲደሰት ምን ልበል።

ሲመሽ ሊሞክረው ሲል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጣ። ቁልፉን ሲያዞር ግቢያችን ጠፋና ሌላ ግቢ መጣ። የማንጎው ቅጠል አንድ በአንድ ይታያል፤ የሌሊት ወፎቹ ደንግጠው ተበተኑ፤ አጥሩ ላይ የተቀመጠ ድመት ዓይኑን ጨፍኖ ዝም አለ። ሕፃናቱ በብርሃኑ ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው እየጨፈሩ ጥላቸው ግድግዳችን ላይ እንደ ዛፍ ረዘመ። እኔ ግን ዞሬ ከፊት ቆሜ መብራቱን አየሁት። አራቱም አንድ ነጭ ሆነዋል። ቢጫው አዲሶቹ መሃል ሰምጦ አይታይም።

ሀጂራ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «እንቁላሉ ተሰበረ» አለችኝ።

«ዝም በይ!»

«አሁን እንደ ማንም መኪና ነው። በይ እስኪ በሚቀጥለው ዓርብ እናያለን።»

በሚቀጥለው ዓርብ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ሰማዩ ግን እንዳኮረፈ ነው። ድንጋዩ እርጥብ ስለነበር ጆንያ አንጥፈን ተቀመጥን። ሙሽሪት መጣች፣ እንቅልፋም እየበራች እየጠፋች መጣች። ቀጥሎ ከኩርባው አራት ነጭ መብራት ብቅ አለ። ይሄ እሱ ነው፤ ማን ሊሆን ይችላል? «አባዬ!» ብዬ ጮህኩና ወደ ቤት ሮጥኩ። እማዬ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄው ከበደኝ፤ ግን «አዎ» አልኳት። ተነስታ ውኃውን ጣደች። እኔ ወደ መንገዱ ወረድኩ። አራቱ መብራቶች እየቀረቡ እየቀረቡ መጡና ከላያቸው ትልቅ አውቶቡስ ሆነው በአጠገቤ አለፉ። ጎማው ጭቃውን ከእግሬ እስከ ፀጉሬ ረጨኝ።

ሀጂራ ከድንጋዩ ላይ ስትስቅ ይሰማኛል። «አባትሽ ወንበር ጨመረ እንዴ?» ትላለች። ወዲያው ግን ሳቋን አቆመች፤ ማልቀሴን አይታ መሰለኝ። ወርዳ በነጠላዋ ፊቴን ጠረገችልኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ቆመን አየን። ውኃው ፈላ፤ እማዬ አወረደችው። ቀዘቀዘ፤ መልሳ ጣደችው። እሷም ደብተሯን ትታ እኛ ጋ መጥታ ቆመች፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ። አራት ነጭ መብራት ባየን ቁጥር «እሱ ይሆን?» ብላ እኔን አየችኝ። አላውቅም ነበር። የማላውቅ መሆኔን ደጋግሜ መናገር ነበረብኝ፤ በእያንዳንዱ «አላውቅም» ላይ የእማዬ አገጭ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በመጨረሻ ኩርፍተኛው መሬቱን እያየ ወጣ። በጣም ቀስ ይላል፤ ከወትሮው ቀስ ይላል። ሊደርስ ሲል ሀጂራ «ከኋላው የሆነ ነገር አለ» አለች። እውነትም ነበር። ከአይሱዙው ኋላ፣ በቀይ መብራቱ ብቻ እየተመራ፣ አንድ ጨለማ መኪና ተከትሎ ይመጣል። ፊቱ ላይ አንድም ብርሃን የለም። በራችን ላይ ሲቆም ነው አባዬ መሆኑን ያወቅነው።

ሲወርድ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አብሮት ወረደ። ቀርከሃው መሃል ላይ ሽቦው ሞቆ ቀልጦ፣ ፊውዙ ተቃጥሎ፣ አዲሶቹም የድሮዎቹም አንድ ላይ ጠፉ። ፊውዝ ቢቀይር ወዲያው ደገመው። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብሎ አንድ መኪና እስኪመጣ ጠበቀ፤ የመጣው ኩርፍተኛው ነበር። ይህን ሁሉ እየሳቀ ነው የሚያወራው፤ ሲያሳጥረው ግን ይታወቃል። እማዬ አልሳቀችም። በእጇ የመኪናውን የፊት መብራት ነካችው፤ ትኩሳት እንዳለው ሰው ግንባር።

«እንድሪሴ» አለችው፣ «ወይ ፍታቸው፣ ወይ ለሚያውቅ ሰው ስጣቸው። እኔ እንደዚህ ቆሜ ሌላ ዓርብ አላመሽም።»

በማግስቱ በሽር ጋ ሄድን። በሽር የሀጂራ አጎት ነው፤ ከገበያው ጫፍ፣ ትልቅ ዛፍ ስር የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ቤታቸው የሚያወሩት በርታኛ ስለሆነ አማርኛው የራሱ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል፣ እኔም በእሱ አፍ «አንተ» መባል ደስ ይለኝ ነበር። ሀጂራም ተከትላን መጣች። በሽር የቀለጠውን ሽቦ መዞ አወጣና በፀሐይ ላይ አንጠለጠለው።

«እንድሪስ ወንድሜ፣ ይሄ ሽቦ የሳሎን አምፖል ነው የሚያውቅ። አንተ አራት በሬ ጠመድክበት። ምን ያድርግ? ሞተ።»

«እኔም ልሞት ነበር» አለ አባዬ።

«አትሞትም፤ ሚስትህ ትገድልሃል ቀድሞ።» አባዬ ጭንቅላቱን እያከከ ሳቀ።

በሽር ከሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ጥቁር ዳቦ የመሰለች ነገር አወጣ። ሪሌ ናት። እግሮቿን እያሳየ ለእኔ አስረዳኝ። «ይሄ ዘበኛ ነው በለው። ትልቁ መብራት ጉልበት የሚወስደው ከባትሪው ራሱ፣ በወፍራም ሽቦ። የፊት መብራትህ ሽቦ ግን ምንም አይሸከም፤ ለዘበኛው ‹ክፈት› ብቻ ይለዋል። ዘበኛው ይከፍታል። ሲሉት ደግሞ ይዘጋል። ገባህ?»

ገባኝ። በሽር ወፍራሙን ሽቦ ከባትሪው ስቦ ፊውዝ አስገባበት፤ እኔ ያዝ ያለኝን ያዝኩ። ከዚያ ቆመና አባዬን ጠየቀው። «ትእዛዙን ከየት ልውሰድ? ከአጭሩ መብራት ወይስ ከረዥሙ?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ከአጭሩ ከሆነ ሁልጊዜ ይበራል። ከረዥሙ ከሆነ ረዥሙ ሲበራ ብቻ። ፊትህ ሰው ሲመጣ፣ ከተማ ስትገባ ትቀንስ የለም? ያኔ እነዚህም ይጠፋሉ፤ የድሮው ብቻ ይቀራል።»

አባዬ መንገዱን በዓይኑ እየሳለ መሰለኝ፤ አሰበ። «ሁልጊዜ ቢበራ አይሻልም?» አለ። «ብርሃን በዛ ተብሎ ይጠላል እንዴ?»

«ከረዥሙ!» አልኩኝ። ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «ከረዥሙ ይሁን፣ አባዬ።»

«ለምን?»

ምክንያቱን መናገር አቃተኝ። ለስምንት ዓመት ልጅ ቀላል አልነበረም፤ አንተ ስትመጣ እንዳውቅህ ነው፣ አራት ሆነህ ስትመጣ ሌላ ሰው ትሆንብኛለህ፣ እማዬ ስትጠይቀኝ አላውቅም ማለት አልፈልግም፤ ይህን ሁሉ በየትኛው አፍ ልናገረው? ጫማዬን አየሁ። ያን ጊዜ ሀጂራ ከኋላዬ «እንቁላሉን ለማየት ነው» አለች።

«የምን እንቁላል?»

«መኪናህ ነዋ፣ ጋሼ እንድሪስ። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ። እኛ እንቁላል ነው የምንለው። ሀያት በእሱ ነው የምታውቅህ። ሩቅ ሆነህ፣ ገና ኩርባው ጋ። አሁን ግን አራት ሆንክና ጠፋህባት፤ አውቶቡሱን አንተ ነህ ብላ ጭቃ በጭቃ ሆነች።»

አባዬ ዞሮ መኪናውን አየ። ከዚያ «እኔ... ይሄን ሁሉ ዓመት... እንቁላል ነው የምነዳው?» ብሎ ሳቁ ፈነዳ። ኮፈኑን ተደግፎ ሳቀ፣ በሽርም ፒንሳውን ጥሎ ሳቀ፣ እኔም ሳልፈልግ ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ግን የአባዬ ዓይን እርጥብ ነበር። ቁጢጥ ብሎ ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ሆነ።

«በየሳምንቱ ትጠብቂኛለሽ?»

«ውኃው እንዲጣድ» አልኩት።

ተነሳና «ከረዥሙ አድርገው በሽር» አለ።

በሽር ሠርቶ ጨረሰ፤ «ኸላስ!» ብሎ እጁን አጨበጨበ። ኮፈኑን ሊዘጋ ሲል ዓይኑ የድሮው መብራት ላይ አረፈ። «ይሄ ቢጫውን እኮ ልቀይርልህ፤ ነጩ አለኝ። ሁለቱ አንድ ይሁን፣ ያምራል።» ካቻቢቴውን ወደ አምፖሉ ሲዘረጋ አባዬ እጁን ያዘው። ቀስ ብሎ፣ ከተኛ ሕፃን ላይ እጅ እንደሚያነሱት።

«እሱን ተወው» አለ።

ዓርብ ሲመሽ ድንጋዩ ላይ ነበርን፤ እማዬም ምክንያት ፈልጋ የማይፈለግ ልብስ ገመዱ ላይ ትሰቅል ነበር። አሶሳ በኩል ያለው ሰማይ ማንጎ መስሎ በስሎ ነበር፤ ከስሩ ቀርከሃው ጥቁር። መጀመሪያ ከቀርከሃው ጀርባ ብርሃኑ ብቻ መጣ፤ ግንዶቹ መሃል እየተንሸራሸረ፣ ጫካው ውስጥ አንድ ሰው ጨረቃን ተሸክሞ የሚሄድ ይመስል ነበር። ከዚያ ወጣ። አራት ነጭ። እማዬ ልብሱን እንደያዘች ቆመች። ማንም አልጠየቀኝም። ኩርባውን ተመለከትኩ። መኪናው ዞረ፤ ፊቱን ወደ ከተማው፣ ወደ እኛ አደረገ፤ ከዚያ ሁለቱ ትልልቆች ጠፉ። የቀሩት ሁለት ትንንሾች ናቸው። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ።

ሀጂራ ታውቃለች፤ ቀድማኝ ልትናገር ትችል ነበር። ግን ከንፈሯን ነክሳ እኔን ጠበቀችኝ።

«እንቁላል!» አልኩ። ጩኸቱ ቁልቁለቱን ዞሮ ተመለሰ። እማዬ «እርግጠኛ ነሽ?» እንኳ ሳትለኝ ገባች።

ያ መኪና አሁን የለም። አባዬ የሚነዳው አዲስ ነው፤ መብራቱ ገና ከፋብሪካው ነጭ ነው፣ ሁለቱም እኩል፣ ከሌላው መኪና ሁሉ መብራት ጋር እኩል። ማንም ምንም አይጨምርበትም። ሊነሳ ሲል ይደውላል፤ ቀርከሃው ጋ ሲደርስ ይደውላል፤ እማዬ ውኃውን በስልክ ሰዓት ትጥዳለች። ደኅና ነው፤ ማንም ቆሞ አያመሽም፣ የማንም አገጭ አይንቀጠቀጥም። ዛሬ ይሄን ስጽፍ የድሮው ይሻላል ለማለት አይደለም። ግን ስልኩ «ቀርከሃው ጋ ነኝ» ሲለኝ ምንም አይታየኝም። ብርሃኑ ግንዶቹ መሃል ሲንሸራሸር አላየውም።

ባለፈው ዓርብ ኔትወርክ ጠፋ። ስልኩ አልሠራ ሲል እማዬ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። እንዳየችን ሀጂራም ከግቢዋ መጣች፤ ቁመቷ አሁን ከእኔ ይበልጣል፣ አሶሳ አንድ ትምህርት ቤት ነን፣ ለቅዳሜና እሁድ ነው የምንመጣው። ድንጋዩ ለሦስታችን ጠቦናል። ከኩርባው ነጭ መብራት ይመጣል፣ ሌላ ነጭ መብራት ይመጣል። «እሱ ነው» ትላለች እማዬ፤ ሚኒባስ ይሆናል። «ይሄኛው ነው» እላለሁ፤ የጭነት መኪና ይሆናል። ሀጂራ «እናንተ አንድ ላይ ስታወሩ ነው የምታሳስቱኝ» ብላ ራሷም ሳተች። ቀስ በቀስ ክርክሩ ሞቀ፤ እማዬ እንደ ተማሪ እጇን እያወጣች ስትናገር ሆዳችን እስኪታመም ሳቅን።

«ማንን ነው የምትጠብቁት?» አለን አንድ ድምፅ ከኋላችን።

አባዬ ነበር። ገና ሳይመሽ ገብቶ፣ መኪናውን ለፍተሻ በሽር ጋ ትቶ፣ በገበያው በኩል በእግሩ መጥቶ፣ እኛ ስንከራከር ቆሞ ሲያዳምጥ ቆይቷል። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ መታችው። እሱ ግን ወደ ቤት አልሄደም፤ እኔን በትከሻው ገፋ አድርጎ ድንጋዩ ላይ ተጨናንቆ ተቀመጠ። ከቀርከሃው ጀርባ አዲስ ብርሃን መንሸራሸር ጀምሮ ነበር።

«ያቺስ የማን ትሆን?» አለን።

አራታችንም አላወቅንም። ማንም ለመነሳት አልቸኮለም።